ጠንካራ ልጓም ከመግዛታችሁ በፊት፦ የፈረስ አፍ ለክቶ ልጓም መምረጥ

አዳማ ውስጥ ከባለጋሪ ጋር ሁለት ደቂቃ ቆሜ ካወራሁ ይቺ ጥያቄ አትቀርም። «ፈረሴ አንገቱን ይወረውራል፣ ቁም ስለው አይቆምም። ጠንከር ያለ ልጓም ከየት ላግኝ?»

በቀደም ፍራንኮ አካባቢ ያገኘሁት ልጅም ይህንኑ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ዳማ አፈ ደንዳና ነው፣ አይሰማም» አለ። ልጓሙን አውልቀን አፉን አየነው። ብረቱ ከፌሮ የተቆረጠ ነበር። ጎርበጥባጣው እንኳ አልተሞረደም። ያ ጎርበጥባጣ ፈረሱ ድድ ላይ ተራ በተራ ታትሟል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ እንዳለፈ ጎማ። ፈረሱ አፈ ደንዳና አልነበረም። አፉ ቆስሎ ነበር። ፈረስ ሲያመው ደግሞ የሚያውቀው መላ አንድ ነው፦ መሮጥ። ጠንካራ ልጓም ብንገዛለት ኖሮ ይብስበት ነበር።

ስለዚህ መልሴን አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ልስጠው ብዬ ነው። ለጋሪ ፈረስም ለኮርቻ ፈረስም ይሠራል።

ከመጀመራችን በፊት በቃላቱ እንግባባ። እዚህ «ልጓም» ስል አፍ ውስጥ የሚገባውን ብረትና ግራና ቀኝ ያሉትን ቀለበቶች ማለቴ ነው። ብረቱን ከጆሮ ኋላ አንጠልጥሎ የሚይዘውን «የራስ ጠፍር»፣ ነጂው የሚይዘውን «ዛብ» እላለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ፈረሱን የሚይዝላችሁ አንድ ሰው። ፈረሱ የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል።
- ልባብ (አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የሌለው የራስ ማሰሪያ) እና ገመድ። ሲመረመር በልጓም አይያዝም።
- 20 ሳ.ሜ. የሚሆን፣ ከአውራ ጣት ቀጠን ያለ ለስላሳ ክብ እንጨት። የማማሰያ እጀታ ልክ ነው። (ማማሰያው ወደ ወጥ ቤት እንደማይመለስ ግን ቤት ውስጥ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።)
- ሁለት ላስቲክ፣ ብር የሚታሰርበት ዓይነት። ከሌለ እስክሪብቶ።
- ማስመሪያ ወይም የልብስ ሰፊ ሜትር
- ካሊፐር (የብረት ውፍረት መለኪያ)። ከሌላችሁ አንድ ጋራዥ ጎራ ብላችሁ ተዋሱ።
- የስልክ መብራት
- ትንሽ ጥጥ
- ሳሙና፣ ጨው፣ ንጹሕ ውሃ፣ የእጅ ጓንት

መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ፈረሱ ምራቁ ያለማቋረጥ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ወይም የኋላ እግሩ የሚንገዳገድ ከሆነ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ፈረስንም ይይዛል። በምራቁም ወደ ሰው ይተላለፋል። «እሾህ ወግቶት ይሆናል» ብላችሁ ጣታችሁን ሰድዳችሁ ከሆነና ከተጠራጠራችሁ፣ እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።

መንጋጋው ተቆልፎ አልከፈት ካለም በጉልበት አትክፈቱት። ቴታነስ ሊሆን ይችላል፤ ፈረስ ለዚህ በሽታ ከብዙ እንስሳ ይልቅ ተጋላጭ ነው። ሁለቱም ጉዳይ የእንስሳት ሐኪም ሥራ እንጂ የልጓም ጉዳይ አይደለም።

1. በአሮጌው ልጓም ሲሠራ ተመልከቱት

ሌላ ሰው ይንዳ፣ እናንተ ከጎን ሂዱ። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

አፉን ከፍቶ የሚሄድ ከሆነ ብረቱ ምላሱን ወይም ላንቃውን እየተጫነው ነው። ምላሱን በጎን የሚያወጣ፣ ወይም ከብረቱ በላይ አሾልኮ የሚያስቀምጥ ከሆነ ለምላሱ ቦታ የለውም፤ ወይ ደግሞ ልጓሙ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። ዛቡ በተሳበ ቁጥር ራሱን ሽቅብ የሚወረውረው ድዱ ወይም ላንቃው ሲያመው ነው። ወደ ቀኝ እሺ ብሎ ወደ ግራ የሚያስቸግር ከሆነ አንዱ በኩል ቁስል ወይም ሹል ጥርስ ፈልጉ። አረፋው ሮዝ ከሆነ ደም ነው። ሥራው እዚያው ይቁም።

ይህን የምናደርገው ሁሉም ጣጣ ከልጓም ስለማይመጣ ነው። ነጂው ዛቡን ለቀቅ ሲያደርግለት ፈረሱ ረጋ ካለ፣ ችግሩ አፍ ውስጥ ነው። ለቀቅ ተደርጎለትም ካልረጋ የደረቱን ጠፍር፣ ጀርባውን፣ ሰኮናውን እዩ። የነጂውንም እጅ እዩ፤ አንዳንዱ ዛብ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚነዳው።

ጋሪ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። አብዛኛው ጋሪ ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ፈረሱን ከኋላ ይገፋዋል፣ ነጂው ከፊት ይስበዋል። በፈረሱ ጭን ዙሪያ አልፎ ጋሪውን የሚይዝ ጠፍር ከሌለ፣ ፈረሱ ማቆም ቢፈልግም ማቆሚያ የለውም። ያን የትኛውም ልጓም አያስተካክለውም። ስትሰማሩ ያ ጠፍር መኖሩንና ልኩን እዩ፤ ልጓም ፍሬን አይደለም።

2. አፉን ከፍታችሁ እዩ

ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ደረጃ ይሄ ነው። እኔ ግን ጊዜዬን ሁሉ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ጓንት አድርጉ። ፈረሱ በልባብ ይያዝ። ፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ ራሱን ሲወረውር አገጫችሁን ያገኛችኋል። በግራ ጎኑ፣ ከአንገቱ አጠገብ ቁሙ። ቀኝ እጃችሁ አፍንጫው ላይ ልባቡን ይያዝ። የግራ አውራ ጣታችሁን በከንፈሩ ጥግ በኩል አስገቡ። እዚያ ጋ ጥርስ የለም፣ አትፍሩ። ጣታችሁ ሲነካው ራሱ አፉን ይከፍታል። ምላሱን አትጎትቱ። የፈረስ ምላስ በኃይል ከተሳበ ይጎዳል፣ ፈረሱም ሁለተኛ አያስነካችሁም።

በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ባዶ ድድ ታያላችሁ። ልጓሙ የሚያርፈው እዚያ ላይና ምላሱ ላይ ነው። ያ ድድ ሥጋ ያለው ይመስላል እንጂ የለውም። ስስ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ቀጭን የአጥንት ጠርዝ አለ። እንዴት እንደሚያም ማወቅ ከፈለጋችሁ የቅልጥማችሁን ፊት በቁልፍ ጫፍ ተጫኑት።

አሁን በስልክ መብራት እነዚህን እዩ፦

የከንፈሩ ጥግ። የተላጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጠጥሮ የነጣ ቆዳ ካለ ልጓሙ ጠቧል፣ ወይም ከፍ ብሎ ታስሯል፣ ወይም ቀለበቱ ይቆነጥጠዋል።

ባዶው ድድ። በሁለቱም በኩል በጣታችሁ ዳብሱ። አንዱ ጎን ከሌላው የተለየ እብጠት ወይም ጉብታ ካለው የቆየ ጉዳት ነው። ስትነኩት የሚሸሽ ከሆነ አሁንም ያመዋል።

ምላሱ። መሐል ለመሐል የተሰመረ ቁርጥ ካለ ቀጭን ብረት ወይም ሽቦ ሠርቶበታል።

ክራንቻው። ወንድ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 40 ጥርስ አለው፤ ባዝራ 36። ልዩነቱ አራቱ ክራንቻ ነው፤ ባዝራ ላይ ብዙ ጊዜ አይወጣም። በ4 እና በ5 ዓመት መካከል ይወጣል። ልጓም ዝቅ ሲል የሚንኳኳው እሱ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው የመንጋጋ ጥርስ ፊት ያለው ትንሽ ጥርስ። ሁሉም ፈረስ የለውም። ካለው ብዙውን ጊዜ ላይኛው መንጋጋ ላይ ነው፤ መጠኑ ከባቄላ ያንሳል። ብረቱ ከነካው ምንም ዓይነት ልጓም ብትቀያይሩ ፈረሱ አይረጋም። አውጡልኝ ብላችሁ ጉጠት የያዘ ሰው ዘንድ እንዳትሄዱ። ሐኪም አደንዝዞ ያወጣዋል።

ጉንጩ። ይህን ከውጭ ነው የምታዩት። የመንጋጋ ጥርሶቹ ባሉበት ትይዩ ጉንጩን በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ የላይኞቹ ጥርሶች የውጭ ጠርዝ ሳይበላ ቀርቶ ይሾላል። ፈረሱ ስትጫኑት ከሸሸ ጥርሱ ጉንጩን እየቆረጠው ነው። ሐኪም ይሞርደዋል። በጣታችሁ ለመዳበስ ግን ወደ ውስጥ እንዳትገቡ። መንጋጋ ጥርስ ጣት ይቆርጣል።

ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ተኩል ያለ ፈረስ የወተት ጥርሱን እየቀየረ ስለሆነ ድዱ በራሱ ጊዜ ያመዋል። ገና 3 ዓመቱ የሆነ ግልገል አምጥታችሁ «ልጓም አልለምድ አለ» የምትሉኝ፣ እስቲ ልጅ ጥርስ ሲያበቅል አስቡት።

ቁስል ካገኛችሁ ምርጫው ይቆይ። በቆሰለ አፍ ላይ የሚመች ልጓም የለም። አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ እጠቡ። እስኪድን ልጓም አይግባለት፣ ጋሪም አይሳብ። የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚን፣ የተፈጨ ኪኒን አታድርጉበት። ጥልቅ ከሆነ፣ ከሸተተ ወይም ፈረሱ መኖ መብላት ካቆመ ሐኪም ይየው። የከተማው የእንስሳት ሕክምና ጣቢያ ካልቻለው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ፤ ከአዳማ 50 ኪ.ሜ. ገደማ ነው።

3. ስፋቱን ለኩ

ሁለቱን ላስቲክ እንጨቱ ላይ አጥልቁ፣ አንድ በቀኝ አንድ በግራ። እንጨቱን እንደ ልጓም አፉ ውስጥ አግቡት። የከንፈሩን ጥግ ነካ ያድርግ እንጂ ወደ ላይ አይግፋው። ያዡ ሰው እንጨቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ከተንጋደደ ልኩ ይረዝማል። አሁን ላስቲኮቹን አንሸራታችሁ ከንፈሩን ከግራና ከቀኝ ለስለስ አድርገው እንዲነኩት አድርጉ። አውጡና በላስቲኮቹ መካከል ያለውን ለኩ። ሦስት ጊዜ ድገሙ፤ ፈረስ ከንፈሩን ይሰበስባል፣ አንዱ ልክ ያታልላል።

በዚህ ላይ የምትጨምሩት በቀለበቱ ዓይነት ይወሰናል። ቀለበቱ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ የሚዞር ከሆነ በየጎኑ ግማሽ ሳ.ሜ.፣ በድምሩ 1 ሳ.ሜ. ጨምሩ። ቀለበቱ ከብረቱ ጋር ተያይዞ የማይዞር ከሆነ በድምሩ ግማሽ ሳ.ሜ. ይበቃል። ምሳሌ፦ እንጨቱ 11.5 ካሳየ፣ ቀለበቱ ለሚዞረው 12.5፣ ለማይዞረው 12 ሳ.ሜ. ትገዛላችሁ።

ልዩነቱ ለምን መጣ ብትሉ፣ የሚዞረው ቀለበት ቀዳዳው ጋ የከንፈርን ቆዳ ይዞ ስለሚቆነጥጥ ነው። ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል።

የልጓሙ ልክ የሚባለው ከአንዱ ቀለበት ውስጠኛ ፊት እስከ ሌላው ቀለበት ውስጠኛ ፊት ነው። ቀለበቱ አይቆጠርም። መገጣጠሚያ ካለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። ገበያ ላይ «12 ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ቀለበቱን ጨምሮ ተለክቶ ይሆናል፤ ማስመሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሰፊ ልጓም «ይመቸዋል» የሚል እምነት አለ። አይመቸውም። አንዱ ዛብ ሲሳብ ብረቱ ወደዚያ ጎን ይንሸራተታል። መገጣጠሚያው ከምላሱ መሐል ወጥቶ ድዱ ላይ ይወጣል። አገራችን የሚገባው የውጭ ልጓም ብዙውን ጊዜ ለትልልቅ ፈረስ የተሠራ ነው። ከአርሲ ደጋ የሚመጡልን ፈረሶች ደግሞ አካላቸው ትንሽ፣ አፋቸውም ጠበብ ያለ ነው።

4. ውፍረቱን በጣታችሁ ገምቱ

ሁለት ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ በባዶው ድድ በኩል አስገቡ፤ አፉ ይዘጋ። ጣታችሁ ከላይና ከታች በጣም ከተጨነቀ አፉ ቦታ የለውም። ወፍራም ብረት አይገባውም ማለት ነው።

ከዚያ ልጓሙን ከቀለበቱ 2 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ በካሊፐር ለኩ። ለአብዛኛው ፈረስ ከ14 እስከ 16 ሚ.ሜ. መሐለኛ ነው። አፉ ጠባብና ምላሱ ወፍራም ለሆነ 12። ከ10 በታች የሆነ ይቆርጣል፤ ያው ጫና ትንሽ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። በሌላ በኩል «ወፍራም ሁሉ ለስላሳ ነው» ብላችሁ 20 ብትገዙ ፈረሱ አፉን መዝጋት ያቅተዋል።

5. ቅርጹን ምረጡ

ሦስት ቤተሰብ ነው ያለው፣ ሌላው ሁሉ የእነዚህ ዘር ነው።

አንድ ወጥ የሆነ፣ ለምላሱ ትንሽ ጎበጥ ያለ ብረት። መገጣጠሚያ የለውም፣ አይቆነጥጥም፣ የሚሰበርም ነገር የለው። ለጋሪ መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው። ጉብጠቱ የግድ ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ ዘንግ ጫናውን ሁሉ ምላሱ ላይ ይጥላል።

መሐሉ ላይ አንድ መገጣጠሚያ ያለው። ገበያው የሞላው በዚህ ነው። ሁለቱም ዛብ አንድ ላይ ሲሳብ እንደ ጉጠት ይታጠፋል። ድዱን ከግራና ከቀኝ ይጨምቃል፣ መታጠፊያው ደግሞ ላንቃ ዝቅ ያለበትን ፈረስ ላንቃውን ይወጋዋል። እጁ ቀለል ላለ ነጂ ክፉ አይደለም። ዛብ ላይ ለሚንጠለጠል ነጂ ግን አትስጡት።

ሁለት መገጣጠሚያ ያለው፣ መሐሉ ላይ የባቄላ ፍሬ የመሰለ ለስላሳ ቁራጭ ያለው። ምላሱን ተከትሎ ስለሚታጠፍ አይወጋም። ለኮርቻ ፈረስ እመርጠዋለሁ። መሐሉ ያለው ቁራጭ ጠፍጣፋና ባለ ጠርዝ እንዳይሆን ግን በአውራ ጣት ዳብሱት።

ቀለበቱን በተመለከተ፣ ለጋሪ የማይዞረው ይሻላል። የጋሪ ዛብ ረጅም ነው፤ ሲዞር በጎን ነው የሚስበው። ጉንጩ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ የሚያርፍ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቀለበት በአፉ ውስጥ ሾልኮ አይገባም። ክብ ከሆነ ስፋቱ ቢያንስ 6 ወይም 7 ሳ.ሜ. ይሁን። የቁልፍ መያዣ የሚያህል ቀለበት ጠንከር ብሎ ሲሳብ አፉ ውስጥ ይገባል።

የማትገዟቸው እነዚህ ናቸው፦ ጥምዝምዝ ሽቦ፣ ሰንሰለት፣ ጎርበጥባጣ ፌሮ፣ አገጩን በብረት ቀለበት የሚከብ የድሮው ዓይነት፣ ከአፍ በታች ረጅም ክንድ ያለው። ክንዱ በረዘመ ቁጥር የእጃችሁ ጉልበት ይባዛል። እናንተ ቀስ ብላችሁ የሳባችሁ ይመስላችኋል፤ ፈረሱ ጋ የሚደርሰው ሌላ ነው። ጋሪ ላይ ተቀምጦ ያንን መመጠን አይቻልም።

6. ብረቱን መርምሩ፣ ወይም አሠሩ

ስቴንለስ ምረጡ። አይዝግም፣ በቶሎ አይበላም፣ ይታጠባል። መዳብ የተቀላቀለበትም ጥሩ ነው፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ፈረሱ ሲያኝከው ጠርዝ ያወጣል። ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ርካሽ ልጓም ሲላጥ ቅርፊቱ እንደ ምላጭ ነው። ብረቱን በካላማዳሪ ወይም በላስቲክ መጠቅለልም መፍትሔ አይደለም። አኝኮ ይቆርጠዋል፤ የቀረው ሻካራ ሆኖ ውሃና መኖ ይቋጥራል።

አንድ ፈተና አለች፣ ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ የምትሠራ። ጥጡን ከአንዱ ቀለበት እስከ ሌላው በብረቱ ላይ ጎትቱት። መገጣጠሚያውንና የቀለበቱን ቀዳዳ ዙሩት። ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ክር ከተወ፣ ከንፈርም እዚያ ይያዛል። ባለሱቁ ቢያጉረመርም እናንተ አትቸኩሉ።

በያጅ ዘንድ ካሠራችሁት በቃል አትንገሩት። ወረቀት ላይ ሣሉና ቁጥሩን ጻፉ፦ 14 ሚ.ሜ. ለስላሳ ክብ ስቴንለስ፣ በቀለበቶቹ መካከል 12 ሳ.ሜ.፣ መሐሉ ትንሽ የጎበጠ። የብየዳው ጉብታ ከከንፈር ውጭ ይሁን። ከዚያ በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ግራይንደር ብቻውን አይበቃም፤ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፣ ጥጡ ግን ያገኘዋል። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ እንዳይጠቀም አስጠንቅቁት፣ ቅቡ ይላጣል።

7. አልብሱና አስተካክሉ

የአዳማን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ልጓም ጋሪው ላይ ተሰቅሎ እኩለ ቀን ከሆነ መጀመሪያ በእጃችሁ ያዙት። እናንተን ካቃጠላችሁ ምላሱንም ያቃጥለዋል። ውሃ አፍስሱበት።

ብረቱን በጥርሱ ላይ አትግፉት። አውራ ጣታችሁን በከንፈሩ ጥግ አስገቡ፣ ሲከፍት ብረቱን አግቡ፣ የራስ ጠፍሩን በጆሮው ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ጥርሱን አንድ ጊዜ ያንኳኳችሁበት ፈረስ በማግስቱ ራሱን ሰማይ ይሰቅላል።

አሁን ከፍታው። ብረቱ የከንፈሩን ጥግ መንካት አለበት፤ አንድ ስስ እጥፋት ቢታይ ይበቃል። ሁለትና ሦስት እጥፋት ከታየና ፈረሱ የሚስቅ ከመሰለ ጠብቋል። ዘለበቱን አንድ ቀዳዳ አውርዱት። በብረቱና በከንፈሩ መካከል ብርሃን ከታየ ወይም ብረቱ ወደ ክራንቻው ከቀረበ ደግሞ አንድ ቀዳዳ አውጡት። የግራና የቀኙ ቀዳዳ እኩል ይሁን። ጠፍሩ በአንድ በኩል ስለሚለጠጥ ቀዳዳ ከመቁጠር ይልቅ ከፊት ቆም ብላችሁ ቀለበቶቹ እኩል መሆናቸውን እዩ።

የአፍንጫ ጠፍር ካለው፣ በአፍንጫው አጥንት ላይ ሁለት ጣት ደርባችሁ ሊገባ ይገባል። አፉን አስሮ መዝጋት ምልክቱን መደበቅ ነው፣ ሕመሙ እዚያው ነው።

በመጨረሻ አንድ ሰው ዛቡን ቀስ አድርጎ ይሳብ፣ እናንተ ከጎን እዩ። ቀለበቱ ወደ አፉ ገባ? ከንፈሩ ታጥፎ በጥርሱና በብረቱ መካከል ተያዘ? ከሆነ ወደ 3 ተመለሱ።

8. ሞክሩት

የመጀመሪያ ቀን ያለ ጋሪ፣ በእጅ እየመራችሁ ሩብ ሰዓት። መጀመሪያ ላይ ማኘኩና አረፋ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ሳያቆም ከቀጠለ ግን የተለመደ አይደለም። በማግስቱ ባዶ ጋሪ፣ ሰው በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ። አዲስ ልጓም አስገብታችሁ ቀጥታ ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጅ መሐል እንዳትገቡ፤ ፈረሱ ምን እንደሚያደርግ ገና አታውቁም።

ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ልጓሙ ሲወልቅ የከንፈሩን ጥግና ድዱን ዳብሱ። የቀላ ነገር ካገኛችሁ በማግስቱ እረፍት፣ ልኩም እንደገና ይታይ። ከሳምንት በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ፈረሱ ተራ ሲጠብቅ ልጓሙን ሳያወልቁ መኖ መስጠት። ብረቱ ሥር የገባው ጭድ ድዱን ይፍቀዋል፣ ማኘኩም ይበላሻል። ለመብላት አውልቁለት፣ ልባብ ይበቃል።

በልጓሙ ማሰር። ደንግጦ ወደ ኋላ ቢስብ ምላሱን ወይም መንጋጋውን ይጎዳል። ማሰር በልባብ ነው።

አንዱን ልጓም ለሁለት ፈረስ። የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም፣ ያ ብቻም አይደለም። እግርና ደረት ላይ እንደ ዶቃ ተሰልፎ እያበጠ የሚፈነዳውን የቆዳ በሽታ ባለጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሐኪሞች ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይተስ ይሉታል። በቁስል በኩል ነው የሚገባው፤ ከታመመው ፈረስ የተነካካ ዕቃና ዝንብም ያዛምቱታል። የታመመ ፈረስ የነካውን ልጓምና ጠፍር አትዋሱ፣ አታውሱም።

ፈረሱ ሲረጋ «ድኗል» ብሎ አሮጌውን መመለስ። ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ዘመዴ ነው።

ከዚያ በኋላ

ማታ ማታ በውሃ እጠቡት። የደረቀ ምራቅና ጭድ በማግስቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በሳሙና ካጠባችሁት ሳሙናው እስኪጠፋ አለቅልቁት። በወር አንዴ ጥጡን እንደገና ጎትቱበት፤ መጀመሪያ የሚበላው የቀለበቱ ቀዳዳ ነው። ፈረሱ 5 ዓመት እስኪሞላው በየስድስት ወሩ አፉን እንደገና ለኩ።

የድሮውን የፌሮ ልጓም ለሌላ ባለጋሪ አትሽጡት፣ በነጻም አትስጡት። ለቆራሌው ስትሰጡትም መጀመሪያ በመጋዝ ለሁለት ቁረጡት። እኔ አንዱን ሳልቆርጥ ሰጥቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ፈረስ አፍ ውስጥ አግኝቼዋለሁ።